የጎታው ማሽላ ይበላል ወይስ አይበላም?

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሸዋ ሮቢት

ለክቡር የ«ነበልባል ለልማት» ቆሻሻን ወደ ኃይል የመቀየር ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከፋብሪካዎ በነጻ ስለተሰጠን አመድ ምስጋና ስለማቅረብና አንዲት ትንሽ ጥያቄ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የእርስዎና የባለቤትዎ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኛ በፋብሪካዎ ግርጌ የምንኖር የቆላ ሰዎች፣ ጠዋት ጠዋት ከሚያንገበግበን ሳልና ከቀትር በኋላ ዓይናችንን ከሚለበልበን ጢስ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ነፋሱ ከጭስ ማውጫው ተነስቶ ዘወትር ወደ እኛ የሚነፍስ፣ የክቡርነትዎ መኖሪያ ደግሞ ከነፋሱ ጀርባ የተሠራ በመሆኑ ስለ እርስዎ ጤና ብዙም አንሰጋም፤ ቢሆንም ወጉ ነውና ጠየቅን።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሦስት ጊዜ ከቢሮዎ በር ቆሜ አልፈውኛል፤ ነገር ግን ባለ ጥቁር መስታወት መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ወደ ውጭ የማየት ግዴታ ስለሌለበት አልተቀየምኩም። ዘውዴ ሸዋረጋ እባላለሁ። በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ በዋናው መንገድ ዳር በተወጠረች የሸራ ጥላ ሥር ተቀምጬ ላለፉት ሠላሳ አንድ ዓመታት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ነኝ። ሚስቱ የኮበለለችበት፣ ድንበሩ የተገፋበት፣ ወንድሙ ያለ ጥፋቱ የታሰረበት፣ ሁሉም ይመጣና አጠገቤ ተቀምጦ ሆዱን ይዘረግፋል፤ እኔም «ክቡር ሆይ» ብዬ እጀምርለታለሁ። ስለዚህ «ክቡር» የሚለው ቃል በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በዝቶ ቢያገኙት፣ እጄ ስለለመደው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት ያለው እንዳይመስልዎት። የዛሬው ማመልከቻ ግን የራሴ ነው።

አቤቱታዬንና ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ፋብሪካው የተመረቀ ዕለት ክቡርነትዎ መድረክ ላይ ወጥተው ፕላስቲክ የአገር ጠላት መሆኑን፣ ቆሻሻችንን ብናመጣ አቃጥለው መብራት እንደሚያደርጉልን በተናገሩ ጊዜ እኔም ከሕዝቡ ጋር መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ያን ዕለት ለእንግዶች የታደለው የታሸገ ውኃ ባዶ ጠርሙስ ሜዳውን ሞልቶት ስለነበር፣ ፋብሪካው ሥራውን የጀመረው የራሱን ምርቃት በማቃጠል ነው፤ ለሁለት ቀንም ያለምንም እንከን ሠራ። እንከኑ የመጣው የእኛ የድሆቹ ቆሻሻ ሲገባ ነው። ንድፉን ያወጡት ሊቃውንት ሰው ካርቶንና ወረቀት በሚጥልበት አገር ተምረው ይሆናል። እዚህ ካርቶን አይጣልም፣ ዶሮ ትታቀፍበታለች። ሃይላንድም አይጣልም፤ ወተት ይሸጥበታል፣ ላምባ ይቀዳበታል፣ ገበሬው እርሻ ሲወርድ ውኃ ይይዝበታል፣ ሲያረጅም ቆራሌው ይወስደዋል። ከእኛ ቤት የሚወጣው የሽንኩርት ልጣጭ፣ የበሰበሰ ቲማቲምና የማንጎ ቅርፊት ነው፤ እሱም እርጥብ ነው፤ እርጥብ ደግሞ አይነድም። ይህን ለማወቅ ምሕንድስና አያስፈልግም፣ አንድ ቀን ምድጃ አጠገብ መዋል ይበቃ ነበር። እናንተ ግን ተስፋ የምትቆርጡ ሰዎች አይደላችሁምና፣ ናፍጣ በቦቴ አስመጥታችሁ፣ የግራር እንጨት አስቆርጣችሁ የሽንኩርት ልጣጫችንን ማድረቅ ያዛችሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ አገሩ በሙሉ ቁሌት ቁሌት ሸተተ። ጀውሃ የሚያርፉ የከባድ መኪና ሾፌሮች አዲስ ምግብ ቤት የተከፈተ መስሏቸው ሽታውን ተከትለው አጥርዎ ድረስ ደርሰዋል ይባላል። ቁሌቱ እንዲህ ሲደርስ ወጡ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

2ኛ. እሳቱ እንቢ ሲል ሊቃውንቱ ተሰብስበው አንድ ነገር ደረሱበት፦ እሳት እንዲነድ ፕላስቲክ ያስፈልጋል፣ ይህ ሕዝብ ግን በቂ ፕላስቲክ አይጥልም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «እሰየው! ፕላስቲክ ከሌለ ታዲያ ምን እናጠፋለን፣ በሩን ዘግተን ወደ ቤታችን እንሂድ» ይል ነበር። ክቡርነትዎ ግን ከሌላው ሰው የተለዩ ነዎትና፣ ለየቤቱ በሳምንት ዐሥር ዐሥር ቢጫ ፌስታል እንዲታደል አዘዙ። በእያንዳንዱ ፌስታል ላይም «ፕላስቲክን በጋራ እናጥፋ» የሚል ታትሞበት መጣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ ግን መስከረምን ካሳለፍን በኋላ በኅዳር ሰማነው። የቆላን ነፋስ ያውቁታል፤ በአንድ ወር ውስጥ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ግራር ሁሉ ቢጫ ለብሶ ቆመ። ሙዐዊያ የሚባል ፍየል አርቢ ጎረቤታችን ሆዷ የተነፋ ፍየሉን ሳትሞትበት አርዶ ቢከፍታት፣ ሰባት ፌስታል እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ አገኘ። እሱ ፊደል ስላልቆጠረ ምን እንደሚል እንዳነብለት አንዱን አጥቦ ይዞልኝ መጣ። አነበብኩለት። «ያ አላህ! አጥፉ ያሉት ፍየሌን ኖሯል!» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ከአንዲት ፍየል ሆድ ወጥቶ አንዲት ፊደል እንኳ ያልደበዘዘበት በመሆኑ ለኅትመቱ ጥራት ያለንን አድናቆት እንገልጻለን።

3ኛ. መብራቱን በተመለከተ፣ ላም አለኝ በሰማይ። የፋብሪካዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ግን ሌት ተቀን ይበራል፤ ስሙንም ከሩቅ ማንበብ ይቻላል።

እስካሁን የጻፍኩትን ክቡርነትዎ ቢፈልጉ ይሳቁበት፤ እኔም ስጽፈው ስቄያለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ግን እለምንዎታለሁ፣ ስልክዎን አስቀምጠው ያንብቡልኝ።

4ኛ. የተቃጠለ ነገር ጠፋ ማለት አይደለም፤ እሳት አመድ ይወልዳል። የክቡርነትዎም እሳት ወለደ፣ ተባዛም፣ ከአጥሩ በስተጀርባም ኮረብታ አከለ። በጥር ወር፣ በገበያ ቀን፣ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪናዎ «ለአርሶ አደሩ የምሥራች! አመድ በነጻ! ለመሬት ይጠቅማል!» እያለ ገበያውን ሲዞር ዋለ። ዋሹ አልልም፣ ያሉት «ለመሬት» ነው። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ በዚህ አገር አመድ መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት እንደሆነ አንድ ሰው እንኳ ጠይቀው ነበር? በእኛ በቀወት ወረዳ አመድ የሚሄደው ወደ ጎታ ነው። ማሽላው ተወቅቶ በጭቃ ወደተለሰነው ጎታ ሲገባ፣ አንድ ድርብ እህል፣ አንድ ድርብ የተነፋ አመድ እየተደረገ ነው የሚሞላው፤ ነቀዝ አመድ አይወድምና። እናቶቻችን ከታኅሣሥ እስከ መስከረም ያሻገሩን በዚህ ዘዴ ነው። ይህንን ከፋብሪካዎ በር ሻይ የምትሸጠው ሴት ታውቀዋለች፣ ጥበቃዎ ያውቀዋል፣ ያን መኪና የነዳው ሾፌር ራሱ ያውቀዋል። ሳያውቁ የቀሩት ደመወዝ የሚከፈላቸው ለማወቅ የሆኑት ብቻ ናቸው።

እህቴ ሐረገወይን ከፋብሪካው በታች ባለው መንደር ትኖራለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ልጆቿም አራት ናቸው። አምና ዝናቡ ደግ ሆኖላት፣ የመንደሩም ሰው በወንፈል አርሶላት፣ ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎታዋን እስከ አፉ የሚሞላ ማሽላ አገባች። እህሉ በዝቶ የምድጃዋ አመድ አልበቃ አላት። «አመድ አነሰኝ ብዬ ስማረር እግዜር እንዳይሰማኝ» እያለች እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። እኔ ታላቅ ወንድም ተብዬው፣ የተማረ ተብዬው፣ የከተማ ሰው ተብዬው፣ ከኮረብታዎ ሦስት ጆንያ ሙሉ ዝቄ፣ ሱፍዋን በሚባል የሰፈራችን ልጅ ባጃጅ ጭኜ ወሰድኩላት። የፋብሪካ አመድ ነው፣ እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ወንፊት እንኳ አያሻውም ብዬ አሞገስኩላት። እሷ ግን እናታችን እንዳስተማረቻት ነፋችው። ወንፊቱ ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ እንክብልና የባትሪ ድንጋይ ፍርፋሪ ቀረ፤ እሱን ለቅማ ጣለችና የላመውን በእጇ እየበተነች ማሽላውን ድርብ በድርብ አለበሰችው። በሦስተኛው ቀን እጇ እስከ ክርኗ ተላጠ። ሙቀት ነው አልኳት። እንዲህ ያለ ጅል ወንድም አላት።

ያልተመሰገነ እንዳይቀር፣ ነቀዝ አልገባም። ጉንዳንም አልቀረበም። ሆሳዕና ሰሞን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎታው ሥር ከፍታ ስታወርድ የፈሰሰውን የለቀሙት ስድስት ዶሮዎች፣ ለፋሲካ ካለችው አውራ ዶሮ ጋር፣ በሁለት ቀን ውስጥ አለቁ። ያን ጊዜ ነው የነቃነው። ሐረገወይን የጎታውን ቀዳዳ በጭቃ መርጋ ዘጋችው፤ እስከ ዛሬም እንደተዘጋ ነው። ጎረቤት ካለው ላይ በቁና እየቆነነ ይሰጣታል፣ እሱም ከራሱ ልጆች ቀንሶ ነው። ትንሿ ልጇ ጎታውን በእጇ መታ መታ እያደረገች «እማዬ፣ ሙሉ ነው እኮ፣ ለምን እንለምናለን?» ትላታለች። ክቡርነትዎ ለዚህች ልጅ የሚሰጡት መልስ ካለዎት ይላኩልን። አመዱን የወሰደው ደግሞ የእህቴ ቤት ብቻ አይደለም፤ በዚያ መንደር ዐሥራ ዘጠኝ ቤት ነው።

ፕላስቲኩ ቀድሞ መንገድ ዳር ነበር። እናየው ነበር፣ እንረግጠው ነበር፣ እንሰድበው ነበር። ዛሬ መንገዱ ጸድቷል፣ ለጎብኚም ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል። ፕላስቲኩ እህላችን መሃል ገብቶ ተኝቷል።

5ኛ ይሁን 6ኛ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ስለ ቢሮዎ መስተንግዶ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስመጣ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሰላማዊት ወንበር ሰጥታ፣ ክቡርነትዎ ሥልጠና ላይ መሆንዎን ነገረችኝ። በሁለተኛው የአመዱ ናሙና ለምርመራ መላኩንና ውጤቱ እየተጠበቀ መሆኑን አበሰረችኝ። ወዴት እንደተላከ ብጠይቃት ዓይኗ ሳታስበው ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ናሙናው በቢጫ ፌስታል ታስሮ፣ ቁጥር ተለጥፎበት መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። በሦስተኛው ስመጣ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው ናሙናው ከሥሩ መደገፊያ ሆኖ አገኘሁት። ልጅቷን አልወቅሳትም፣ እሷ በሩ ክፍት እንዲሆን ፈልጋ ነው።

የዚያኑ ዕለት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎ ተሰጠኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ደብዳቤ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። አመዱ ለምግብ እንዲውል ያልተሰጠ በመሆኑ ፕሮጀክቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ፣ ዶሮዎቹን የገደላቸው ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ሊሆን እንደሚችል፣ አመዱ ጎጂ ስለመሆኑም የተረጋገጠ ነገር እንደሌለ ይገልጻል። እውነት ነው፣ ፈንግል ሊሆን ይችላል። እኔም ሌት ተቀን ፈንግል በሆነ እያልኩ ስጸልይ ነው የከረምኩት። እንግዲያው ፈንግል ከሆነ «ማሽላው ይበላል» ብላችሁ ማኅተም ምቱበትና እንብላው! ይህን ግን ደብዳቤው አይልም። አይበላምም አይልም። ሐረገወይን ታጥቦ ቢፈጭስ ብላ ጠየቀችኝ፤ ለአገሩ ሰው ሁሉ መልስ የማያጣው ወንድሟ አላውቅም አልኳት። አመድ በዱቄት ይስቃል የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ ነገሩ አይገባኝም ነበር።

አሁን ሰኔ ነው። ክቡርነትዎ ሰኔን ላያውቁት ይችላሉ፤ የአምናው ያለቀበት፣ የዘንድሮው ገና ከመሬት ያልወጣበት ወር ነው። የጎረቤትም ቁና እያነሰች መጥታለች። እህቴ ማታ ማታ ልጆቿን አስተኝታ የጎታውን ጭቃ በጥፍሯ እንደምትቆረቁር ነግራኛለች፤ አንድ ቀን ከፍቼ እፈጨዋለሁ፣ የመጣው ይምጣ ብላኛለች። ይህን ደብዳቤ አደባባይ ያወጣሁት ከዚያች ቀን ለመቅደም ነው።

ሥራ እንዳይበዛብዎ በማሰብም መልሱን ራሴ ጽፌ አዘጋጅቼልዎታለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀት ተያይዟል፤ በአንደኛው «ይበላል»፣ በሁለተኛው «አይበላም» ተብሎ ተጽፏል። ከሁለት አንዱን መርጠው ይፈርሙ፣ ሌላውን ያቃጥሉት፤ በማቃጠሉ ስለማይታሙ በዚህ አልሰጋም።

በአገራችን ደግሞ አዝመራ የሰመረለት ሰው ለሚያከብረው ሰው ማስቀመሱ ወግ ነውና፣ ሐረገወይን ሆሳዕና ሰሞን ከጎታዋ አውርዳ ካስቀመጠችው ማሽላ አንድ ቁና ሰፍራ፣ አበጥራ፣ ዛሬ ጠዋት በመኖሪያ ቤትዎ በር ለጥበቃው አስረክበናል። ክቡርነትዎ ቀምሰው ከተስማማዎት እኛም በእርስዎ አርአያነት ዐሥራ ዘጠኙንም ጎታ እንከፍታለን። መሪ ማለት ፊት የሚሄድ ነው ብለው በምርቃቱ ዕለት የተናገሩትን ጽፌ ይዤዋለሁ።

በመጨረሻም፣ ከተማችንን ስላጸዱልን፣ እርጥብ እንደማይነድ በብዙ ናፍጣ ስላስተማሩን፣ ለጥያቄያችንም ስምንት ሳምንት ሙሉ ተጨንቀው ዝም ስላሉን፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ የጭስ ማውጫዎን ያርዝምልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ አመድ ተሸካሚ፣
ዘውዴ ሸዋረጋ
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
— ለዐሥራ ዘጠኙ ባለጎታዎች
— ለአቶ ሙዐዊያ፣ እንዲነበብላቸው
— ለቢሮው በር መደገፊያ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አባዝቼ በየምሰሶው ለመለጠፍ ኮፒ ቤት ቆሜ ሳለሁ፣ የክቡርነትዎ ሹፌር መጥቶ ቁናዋን ከነማሽላዋ መለሰልኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ ፊቴን ማየት አፍሮ መሬት መሬቱን እያየ ነው የነገረኝ። ማሽላው ከየትኛው ጎታ እንደመጣ ሲሰሙ «አሁኑኑ ከግቢ አውጡልኝ፣ ያስቀመጣችሁበትንም በደንብ እጠቡት፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ» ብለዋል አሉ። ስምንት ሳምንት የለመንነው መልስ እንዲህ በግማሽ ቀን በመድረሱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ፊርማም ማኅተምም አያስፈልገውም፣ ገብቶናል። እኔም ዛሬውኑ ወደ መንደሩ እወርዳለሁ፤ ሐረገወይን ጎታዋን ስታፈርስ አብሬያት አፈርሳለሁ። ልጆች እንዳሉዎት አላውቅም ነበር፤ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ። እሷም አራት አሏት።